የሽንኩርት ልጣጭ

ቀዳም ሹር፣ ከሰዓት በኋላ። ባለቤቴ ለዶሮው ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ልጣ ጨርሳ ልጣጩን ልትጥል ስትነሳ «ተይው፣ እፈልገዋለሁ» አልኳት። ሽንኩርቱ ባቃጠለው ዓይኗ አየችኝ።

«ለምን?»

«እንቁላል ልቀቅልበት።»

ዝም አለች። የሩሲያ ነገር ሲነሳብኝ ዝም ማለት ከጀመረች ብዙ ዓመቷ ነው።

በደርግ ጊዜ ቮሮኔዥ ነው የተማርኩት። ከሞስኮ ወደ ደቡብ፣ የአንድ ሌሊት ባቡር። የተማሪዎች ማደሪያችን በር ላይ ቁልፍ የሚሰጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ። በስማቸውና በአባታቸው ስም ነው የምንጠራቸው። ሩሲያ ውስጥ ትልቅ ሰው አንቱ ማለት ብቻውን አይበቃም፤ የአባቱንም ስም ማወቅ አለብህ። ፑሽኪን እንኳ አሌክሳንደር ሰርጌይቪች ነው፤ የሰርጌይ ልጅ አሌክሳንደር እንደ ማለት። ለእኛ ይሄ አዲስ ነገር አልነበረም። ግን አንድ ቀን የአባታቸው ስም ጠፍቶብኝ ስንተባተብ ቁልፌን ይዘው ደቂቃ ሙሉ አስቁመውኛል።

ከወንበራቸው ጀርባ «ክራስኒ ኡጎሎክ» የሚባል ክፍል ነበር። «ቀይ ጥግ» ማለት ነው። የሌኒን ሐውልት፣ ቀይ ጨርቅ፣ ጋዜጦች፣ የሚያንቀላፋ ቼዝ ተጫዋች። ቀይነቱ የአብዮት ቀለም ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ናቸው አንድ ምሽት ያረሙኝ። «ክራስኒ» ድሮ «ቆንጆ» ማለት ነበር አሉኝ። ከግንድ በሚሠራው የገበሬ ቤት፣ በኢዝባ፣ ትልቁ የጡብ ምድጃ በአንድ ጥግ ይቆማል። በሰያፍ ፊት ለፊቱ ያለው ጥግ ነው «ቀይ» የሚባለው። እዚያ ቅዱስ ሥዕል ይሰቀላል፣ በላዩ ላይ ጥልፍ ያለው ፎጣ ይደረጋል፣ ከፊቱ የዘይት መብራት ይበራል። እንግዳ ሲገባ ቆቡን ያወልቅና መጀመሪያ ወደ ጥጉ አማትቦ ነው ባለቤቱን ሰላም የሚለው። የሞስኮው ቀዩ አደባባይም ስሙን ያገኘው ቦልሼቪኮች፣ ኮሚኒስቶቹ፣ ከመምጣታቸው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው፤ «ቆንጆው አደባባይ» ለማለት። አዲሶቹ ሰዎች ስሙን ወስደው ሥዕሉን በሌኒን ተኩት። ጥጉ ግን ጥግ እንደሆነ ቀረ።

1977 ዓ.ም. ነው፣ የፋሲካ ጠዋት። የእነሱና የእኛ ፋሲካ በአንድ ቀን ይውላል፤ እኔ ግን ዕለቱን ረስቼዋለሁ። ባስታውስስ የት እሄዳለሁ? በትንሣኤ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሚሊሻ፣ ማለትም ፖሊሳቸው፣ ይቆማል፣ ወጣት ከሆንክ ይመልሱሃል። እውነቱን ለመናገር ከሚሊሻው ይልቅ የምፈራው የራሳችንን ልጆች ነበር። ወሬው አዲስ አበባ ሳይደርስ አያድርም።

ቁልፌን ላስረክብ ስወርድ አሮጊቷ በጣታቸው ጠሩኝ። መሳቢያቸውን ከፈቱና መሐረብ ፈቱ። እንቁላል። ቡናማና ቀይ የተደባለቀበት፣ አዲስ እንደተወለወለ ጫማ የሚያበራ። በአንድ ጎኑ ላይ ደግሞ ነጣ ያለ የፓርስሊ ቅጠል ቅርጽ አለ፤ ትንንሾቹ ጥርሶቹ ሳይቀሩ ይታያሉ። ቅጠሉን እንቁላሉ ላይ ለጥፈው፣ በአሮጌ ስቶኪንግ ጥብቅ አድርገው አስረው፣ ክረምቱን ሙሉ ባጠራቀሙት የሽንኩርት ልጣጭ ቀቅለውታል። ከዚያ ዘይት ቀቡት።

«ክሪስቶስ ቮስክሬሴ» አሉኝ በሹክሹክታ። ይሄ የቤተ ክርስቲያን ስላቭኛ ነው፤ ለእነሱ ልክ እንደ ግዕዛችን። እኔም ሳላስበው «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብዬ መለስኩ። አንድ ቃል እንኳ አልገባቸውም። ግን ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ትክክል ነው እንደ ማለት።

በዚያው ሰሞን ዳቦ ቤቱ «የጸደይ ኬክ» የሚባል ነገር ይሸጥ ነበር። ከላይ ስኳር የፈሰሰበት፣ ዘቢብ ያለው። ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ኩሊች ነው፣ የፋሲካ ዳቦ። መንግሥት ራሱ እየጋገረ ስሙን ብቻ ይደብቃል። በዚህ ሳቅ ያልሳቀ ሩሲያዊ አላገኘሁም። የገና ዛፋቸውም እንዲሁ ነው፦ በፈረንጆቹ 1920ዎቹ መጨረሻ ተከለከለ፣ በ1935 መጨረሻ ላይ የአዲስ ዓመት ዛፍ ተብሎ ተመለሰ። ቤተ ክርስቲያን ያጣው ሰው ደግሞ ፋሲካን መቃብር ሄዶ ያከብራል። ዳቦና እንቁላል ይዞ፣ ከሙታኑ አጠገብ ተቀምጦ ይበላል። መቃብር መሄድ ማንም አይከለክልማ።

ከዚያ የፋሲካ ጠዋት ሦስት ዓመት በኋላ፣ በፈረንጆቹ 1988፣ ሩሲያ ክርስትናን የተቀበለችበት አንድ ሺኛ ዓመት በይፋ ተከበረ። ልዑል ቭላድሚር የተጠመቀው በፈረንጆቹ 988 ነው። የሶቪየት ኅብረት መሪ ጎርባቾቭ ፓትርያርኩን ተቀብሎ አነጋገረ፣ ቴሌቪዥኑም ጳጳሳት አሳየ። ስለ እሱ ብዙ ተጽፏል። እኔ የማስታውሰው ግን የዚያን ዓመት ፋሲካ እንቁላሉ ከመሳቢያ አለመውጣቱን ነው። ቁልፎቹ አጠገብ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ በሳህን ተደርድሮ ነበር። ወስደን ስንገባ አሮጊቷ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አንድ አንድ!» አሉን።

ልጣጩ ግማሽ ሰዓት ፈላ። እነሱ የሚጠቀሙት ቢጫውን ሽንኩርት ነው፤ የእኛው ቀዩ ደግሞ የባሰ ያጠቁራል። አሥራ ሁለቱን እንቁላል ጨመርኩ። ፓርስሊ ስላልነበረን ጤና አዳም ለጠፍኩባቸው፤ ሦስቱ ላይ ብቻ ያዘ።

ባለቤቴ መጣችና ድስቱን አየች። «አምሯል» አለች። ትንሽ ቆየችና፦ «ግን ለዶሮው ልንልጣቸው አይደል እንዴ?»

ለካ ይሄን አላሰብኩም ነበር። ተከራክረን ዘጠኙን ላጥን። ቅጠል ያለባቸው ሦስቱ ተርፈዋል፤ ዘይት ቀብቼ የዕቃ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ልጄ ከቅዳሴ ስትመለስ እንቁላል እናጋጫለን። ቀድሞ የተሰነጠቀበት ይሸነፋል።