ተጠሪነቱ ለማን ነው?

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የዕቅድና በጀት ክፍል ነው የምሠራው። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ግንቦትና ሰኔ ላይ ቢሯችን ፋታ የለውም። ባለፈው ዓመት ደግሞ አዲስ የዕቅድ ሶፍትዌር ገባና ሥራው መልኩን ቀየረ። ሶፍትዌሩ ብር ከመቀበሉ በፊት መዋቅር ይጠይቃል። እያንዳንዱ ሠራተኛ በሰንጠረዡ ላይ አንድ ሳጥን ነው፤ ማን በማን ሥር እንዳለ ሳጥን ለሳጥን ካልተያያዘ ደመወዙም ትርፍ ሰዓቱም የትም አይደመርም።

አሠራሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ኤክሴል ላይ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ረድፍ ይሞላል። ስም፣ የሥራ መደብ፣ ተጠሪነቱ ለማን እንደሆነ። የተጠሪነት ቦታው ባዶ የሚሆነው የበላዩ የሥራ አስኪያጅ ብቻ ነው። ሶፍትዌሩ ዝርዝሩን አንብቦ ሳጥኖቹን ራሱ ያያይዛል። ገንዘቡ የሚሞላው በታችኞቹ ሳጥኖች ነው፤ የላይኞቹ ከሥራቸው ያሉትን ሳጥኖች ድምር ያሳያሉ።

ሰው ሀብት ዝርዝሩን በስም አዘጋጅቶ ላከልን። ጫንነው። የቦይለር (የእንፋሎት ማሞቂያው) ሠራተኞች በሙሉ ግዥ ክፍል ሥር ተሰልፈው ቁጭ አሉ።

ወሎ ለኖረ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ሰይድ መሐመድ የሚባል አንድ ሰው ብቻ ያለበት መሥሪያ ቤት እዚህ አገር ከየት ይመጣል? አንዱ ግዥ ክፍል አለ፣ ሌላው የቦይለር ፈረቃ መሪ ነው። ሶፍትዌሩ ቀድሞ ያገኘውን ያዘ። በዚያ ላይ የፊደሉ ጣጣ አለ። አንዱ ጸሐፊ መሐመድን በ«ሐ» ይጽፈዋል፣ ሌላው በ«ሀ»። ለእኛ ያው አንድ ሰው ነው። ኮምፒውተሩ ግን ለሁለቱ ፊደላት የተለያየ ኮድ ስላለው ሁለት ሰው አድርጎ ይቆጥራቸዋል። በዚህ ምክንያት አለቃ ያልተገኘላቸው ሳጥኖች ከማንም ጋር ሳይያያዙ ገጹ ጥግ ላይ ተከማችተው ቀሩ።

አንድ አንጋፋ የቦይለር ቴክኒሻን የታተመውን ወረቀት ይዘው ቢሮ ድረስ መጡ። መነጽራቸውን አውጥተው በጣታቸው ሳጥኑን አሳዩኝ።

«ልጄ፣ ከእንግዲህ የኛን ትርፍ ሰዓት ግዥ ነው እንዴ የሚፈርመው?»

«አብሽሩ ጋሼ፣ ይስተካከላል» አልኳቸው።

ጥያቄያቸው ግን የዋዛ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.75 ተባዝቶ ነው የሚከፈለው። የሕዝብ በዓል ከሆነ ደግሞ በ2.5። ቦይለር ሌሊትም በዓልም አያውቅም። ያ ሁሉ ገንዘብ ግዥ ክፍል ሥር ቢደመር ኖሮ ዓመቱን ሙሉ ቦይለር «በጀት የለህም» እየተባለ ይመለስ ነበር። ሳጥን መሳሳት የሰው እንጀራ ላይ ይደርሳል።

የስሙን ጉዳይ የፈታችው የሰው ሀብት ባልደረባችን ናት። ስም ከማያያዣነት ወጣ። ለእያንዳንዱ የሥራ መደብ ቁጥር ተሰጠው፤ ተጠሪነቱም በመደብ ቁጥር ሆነ። ስም መደቡ ላይ የተቀመጠውን ሰው ለመግለጽ ብቻ ቀረ። ይሄ ሌላም በረከት አመጣ። በፊት አንድ ፈረቃ መሪ ሥራ ሲለቅ ከዝርዝሩ ይሰረዛል፤ በሥሩ የነበሩት ሁሉ አለቃ አልባ ይሆናሉ። አሁን ሰውየው ቢሄድም ሳጥኑ «ክፍት» ተብሎ ቦታው ላይ ይቆያል። በጀቱም አብሮት ይቆያል። በውክልና የሚሠራ ሰው ቢመደብ ስሙን መቀየር ነው እንጂ መዋቅሩ አይነካም። መዋቅር የምትሠሩ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን በመደብ ጀምሩ።

ዋናው ጭቅጭቅ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኤሌክትሪሻኖቹ የማን ናቸው?

የጥገና ኃላፊው «የኔ ናቸው፣ የቀጠርኳቸውም የማሠለጥናቸውም እኔ ነኝ» አለ። የምርት ኃላፊዋ ደግሞ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማሽን ሲቆም የሚያዛቸው የኔ ፈረቃ መሪ ነው» አለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሁለቱም የሚኖሩት ደሴ ነውና ክርክሩ ማታ ሰርቪስ ውስጥ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ እንኳ አልበረደም። ታዲያ አንዱ ባልደረባ «ሁለቱም ጋ እናስገባቸውና እንገላገል» አለ። ሞከርነው። የ12 ሰው ደመወዝ ከላይኛው ሳጥን ላይ የ24 ሰው ሆኖ ተደመረ። ድምሩ የሚሄደው መስመሩን ተከትሎ ነው፤ አንድ ሰው በሁለት መስመር ከወጣ ሁለቴ ይቆጠራል።

ጉዳዩ የቆየ ነው። የዘመናዊው የመዋቅር ሰንጠረዥ መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1855 ለኒውዮርክና ኤሪ የባቡር ሐዲድ የተሠራው ነው። ያሠራው ዳንኤል ማካለም የሐዲዱ ዋና ኃላፊ ነበር። ሥዕሉ ዛፍ ይመስላል፤ ቦርዱ ሥሩ ላይ ነው፣ ሠራተኞቹ ቅርንጫፎቹ ላይ። የማካለም ችግር ርዝመት ነበር። 50 ማይል ሐዲድ አንድ ኃላፊ ራሱ እየተዘዋወረ ሊቆጣጠረው ይችላል፤ 500 ማይል ሲሆን ግን አይቻልም። አንድ አጥብቆ የያዘውም ነገር አለ። የበላይ ሹም የቅርብ አለቃውን ዘሎ ሠራተኛውን በቀጥታ ካዘዘ ሠራተኛው ያን አለቃ መታዘዙን ይተዋል። የኛን ኤሌክትሪሻኖች ያየ ሰው የጻፈው ነው የሚመስለው።

የመጨረሻው ስብሰባ ጥገና ወርክሾፕ ውስጥ ነበር። ኃላፊዎቹ ከዚህም ከዚያም ሲወራወሩ እኚያው የቦይለር ቴክኒሻን አንድ የፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ ከኪሳቸው አወጡ። የተጣጠፈ፣ ጥጉ ዘይት የነካው። ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ከታች ያለውን የፊርማ ቦታ አሳዩ።

«ኤሌክትሪሻኑ ቢታመም እዚህ ላይ ማን ነው የሚፈርምለት? አለቃው እሱ ነው።»

ቤቱ ዝም አለ። የምርት ኃላፊዋ «እኔ አይደለሁም» አለች። ፈቃድ የሚፈርመው፣ የሥራ አፈጻጸም የሚሞላው፣ የትርፍ ሰዓት ቅጽ የሚያጸድቀው ጥገና ነው። ስለዚህ ዋናው መስመር ወደ ጥገና ሆነ። ከምርት ጋር ያላቸው ግንኙነት በነጠብጣብ መስመር ተሰመረ። ይሄኛውን ድምሩ አይከተለውም፤ ሌሊት ማን እንደሚያዛቸው ግን በግልጽ ያሳያል። ከዚያ ወዲህ አከራካሪ መደብ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው ማን እንደሚፈርም ነው። ሶፍትዌሩን የምከፍተው ከዚያ በኋላ ነው።

ያልተቋጨ አንድ ሳጥን አለን፤ የጥራት ላብራቶሪው። የላብራቶሪውን ሠራተኞች ፈቃድ እስከዛሬ ሲፈርም የኖረው ምርት ክፍል ነው። በጋሼ መለኪያ ከሄድን ምርት ሥር ሊገባ ነው። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። «ይሄ ዕቃ አይወጣም» ማለት ያለበት ሰው ዕቃውን በቶሎ ማስወጣት ለሚፈልገው ኃላፊ ተጠሪ መሆን የለበትም። እዚህ ሳጥን ላይ መቀየር ያለበት የፈራሚው ማንነት ራሱ ነው። ላብራቶሪው በቀጥታ ለሥራ አስኪያጁ ተጠሪ እንዲሆን ለአስተዳደሩ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ፤ ሳጥኑም ለጊዜው እዚያ ተቀምጧል።