ከአቦል እስከ በረካ

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ጣቶቼ እስከ ጥፍሬ ሥር ጠቁረዋል። ሁለቴ በሳሙና ታጠብኩ፣ አልለቀቀም። ክፍሌ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ በዘረጋሁት ሲባጎ ላይ ስምንት ወረቀቶች በልብስ መቆንጠጫ ተንጠልጥለዋል። በሁሉም ላይ ያለው አንድ ሥዕል ነው፤ ጀበና የያዘ እጅ። ከስምንቱ ሦስቱን ወድጃቸዋለሁ። ከሐምሌ ጀምሮ እዚህ እንዴት እንደደረስኩ ሳልረሳው ልጻፈው።

ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ማሽኑ ያትማል፤ እኔ እቆጥራለሁ፣ እጠርዛለሁ። በየቀኑ የተበላሸ ወረቀት ይጣላል። አንዱ ግማሹ ጠቁሯል፣ ሌላው ጽሑፉ ተንጋድዷል። ጀርባው ግን ንጹሕ ነው። ሐምሌ ላይ መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ዝም ባለበት አንድ ከሰዓት፣ ከነዚህ ወረቀቶች አርባ ያህሉን ለሁለት አጥፌ በስቴፕለር መታኋቸው። ደብተር ሆነልኝ።

ከዚያ በፊት ጥሩ የሥዕል ደብተር ነበረኝ፤ ወረቀቱ ወፍራም፣ ሽፋኑ ጠንካራ። በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ገጽ ብቻ ነው የሣልኩበት። ወረቀቱ ያሳሳኝ ነበር። አንድ መስመር ላሰምር ስል እጄ ይፈራል። በተበላሸው ወረቀት ጀርባ ላይ ግን ያ ፍርሃት የለም። ቀድሞ የተበላሸን ነገር እኔ ከዚህ በላይ ምን ላደርገው እችላለሁ?

ሰዓቱ ነው ያስቸገረኝ። ከመተኛቴ በፊት ሞከርኩ፣ ደክሞኝ ተውኩት። እሁድ እሁድ ብቻ አልኩ፤ እሁድ ለቅሶም አለ፣ ክርስትናም አለ፣ የልብስ አጠባም አለ። በመጨረሻ ሥዕሉን ከቡናው ጋር አሰርኩት። ከሥራ ስገባ እማዬ ቡና ታፈላለች። ቤታችን ውስጥ ሌላው ሁሉ ቢቀር ቡና አይቀርም። ጀበናው ሲጣድ እርሳሴን አነሳለሁ፤ በረካው ሲቀዳ አስቀምጣለሁ። ሣልኩም አልሣልኩም ቡናው ይፈላል፤ ስለዚህ «ዛሬ ልሣል ወይስ ልተው» የሚባል ጥያቄ ጠፋልኝ። ፍልሰታ ሲገባ እማዬ እስክታስቀድስ ቡናው ሰዓቱን ቀየረ፤ የእኔም ሥዕል አብሮት ቀየረ።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ስኒ ብቻ ሣልኩ። አንድ ስኒ። አፉ ክብ እንደሆነ አውቃለሁና እጄ ክብ አድርጎ ይሥለዋል። ከተቀመጥኩበት ሳየው ግን ሞላላ ነው። እጄ ዓይኔን እስኪያምን ድረስ አሥር ቀን ያህል ፈጀብኝ። ከዚያ ረከቦቱ፣ ከዚያ ጭሱ፣ ከዚያ የእማዬ የነጠላ ጥለት። አንዳንድ ቀን የሚወጣው ሥዕል ምንም አይረባም። ቀኑን ጽፌበት ገጹን እገልጣለሁ፤ አልቀድም። የቀደድኩት ገጽ በማግስቱ ምን እንዳላየሁ አይነግረኝም።

ኅትመት ያማረኝ ከብዙ ጊዜ በፊት ነው። በእጅ ተቀርጾ፣ በእጅ ቀለም ተቀብቶ፣ በእጅ የሚታተም ነገር። ምናልባት ቀኑን ሙሉ ከማሽን ጋር ስለምውል ይሆናል። ችግሩ ምን እንደምቀርጽ አለማወቄ ነበር። ጥሩ ሐሳብ እስኪመጣልኝ እጠብቅ ነበር፤ አልመጣም። መስከረም ላይ ደብተሬን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ስገልጥ ግን የሚቀረጽ ነገር ሞልቶ አገኘሁት። ሐሳቡ ተቀምጬ ሳስብ ሳይሆን እርሳስ ይዤ ሳይ ነው የመጣው።

ዕቃውን ከየቦታው ለቃቀምኩ። ሰፈራችን ውስጥ ቤት ሲታደስ የተረፈ የወለል ፒቪሲ አገኘሁ። ጸሐይ ላይ ትንሽ ሳቆየው ይለሰልሳል፤ በብርድ ግን ይሰበራል፣ ጠርዙም ይፈረፈራል። መቅረጫዬ የተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ነው። ሽቦው መሐሉ እንደ ቦይ የጎደጎደ ስለሆነ ጫፉ ከተሳለ ቀጭን ጉድጓድ እያወጣ ይሄዳል። መንገድ ዳር የሚቀመጡት ጫማ ሰፊ ናቸው የሞረዱልኝ። «ወስፌ ልታደርጊው ነው?» አሉኝ። የሣልኩትን ሳሳያቸው ትክ ብለው አዩና ሽቦውን እንደገና ተቀብለው ጫፉን ይበልጥ አሾሉት። ቁራጭ ቆዳም ጨመሩልኝ። ቆዳውን ጥጥ ሞልቼ በክር ቋጠርኩትና ቀለም መምቻ ሆነ። ግድግዳ የሚቀባበት ፀጉራሙ ሩሎ ለዚህ አይሆንም፤ ቀለም ያበዛና የቀረጽኩትን ቦይ ይሞላዋል። ቀለሙን ማተሚያ ቤት የሚሠራ ወዳጄ ከቆርቆሮ ግርጌ አሟጦ በብልቃጥ ሰጠኝ። ዘይት ያለው የማተሚያ ቀለም ነው። በውኃ አይነሳም፤ ጥቂት ጠብታ የምግብ ዘይት አሽቼ ከዚያ በሳሙና አጥበዋለሁ። እማዬ የዘይቱን ጠርሙስ ታየዋለች፣ ዝም ትላለች። ቀለም የተቀባው ፒቪሲ ላይ ስስ ወረቀት አልብሼ ጀርባውን በእንጨት ማንኪያ አሻለሁ። ቀስ ብዬ፣ ከመሐል ወደ ዳር። አንዱን ጫፍ ይዤ ሌላውን ገለጥ አድርጌ አያለሁ፤ ከሳሳ እመልስና ደግሜ አሻለሁ።

የመጀመሪያው ቅርጼ «ጎንደር» የሚል ጽሑፍ ነበር። ወረቀቱን ስገልጠው ፊደሎቹ ሁሉ ዞረዋል፤ ቃሉ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። በጣም አዘንኩ፣ ሁለት ምሽት የለፋሁበት ነው። በማግስቱ ሥራ ቦታ ኮፒ ሊደረግ የመጣ የቀበሌ ደብዳቤ ላይ ክቡን ማኅተም አየሁ። ያንን ማኅተም የሚመታው ጎማ ላይ ፊደሎቹ ሁሉ ተገልብጠው ነው የተቀረጹት፤ ወረቀት ላይ ሲያርፉ ነው የሚቃኑት። ማተም፣ ማኅተም፣ ኅትመት፤ ሁሉም ከአንድ ግንድ ናቸው፣ ኀተመ ከሚለው። ይህን ቃል ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ! አሁን መጀመሪያ በስስ ወረቀት እሥልና ወረቀቱን ገልብጬ ነው ፒቪሲው ላይ የማሳርፈው። ሰ እና ጠ ግን ቢዞሩም ያው ናቸው፤ ይህን በማወቄ በጣም ደስ ብሎኛል።

ለመቅረጽ ከባዱ ነገር መምረጥ ነው። መቅረጫው የነካው ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ያልነካው ይጠቁራል። መሐል ላይ ግራጫ የለም። በእርሳስ እያሻሹ ማለሳለስ እዚህ አይሠራም። አንዴ ከተቀረጸም አይመለስም። ስለዚህ የቱ መስመር ይቆይ፣ የቱ ይሂድ የሚለውን ቀድሜ ማወቅ አለብኝ። ይህን ደግሞ አንድን ነገር አንዴ አይቼ አላውቀውም።

ጥቅምት ላይ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ፋሲል መዋኛ እየሄድኩ ሥሮቹን ሣልኩ። ገንዳው ከጥምቀት ወዲህ ያው ባዶ ነው፤ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውኃ እስኪገባበት ድረስ ጸጥ ይላል። የዛፎቹ ሥሮች በግንቡ ላይ ፈስሰው ድንጋዩን አቅፈዋል። የመጀመሪያ ቀን ሁሉንም ሣልኩ፤ አንድ ሺህ መስመር ይሆናል። ወረቀቱ ላይ ሥርም የለም፣ ግንብም የለም፣ ድር ብቻ። በሦስተኛው እሁድ የትኞቹ ሥሮች ድንጋይ እንደያዙ፣ የትኞቹ ዝም ብለው እንደተንጠለጠሉ መለየት ጀመርኩ። በአራተኛው አምስት መስመር ብቻ ሣልኩ፤ ከርቀት ላየው ሰውም ሥር መሆኑ ይታወቃል። የቀረጽኩት ያንን ነው። በስልክ ፎቶ አንስቼ ከዚያ መገልበጥ እችል ነበር። አንዴ ሞክሬው አልወደድኩትም፤ ፎቶው ሁሉንም ሥር እኩል ነው የሚይዘው፣ ምኑን ልተወው የሚለውን አይነግርም።

ደብረ ብርሃን ሥላሴም ሄጃለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ቀና ብዬ ያየኋቸው የጣራው መላእክት ናቸው፤ እነዚያ ትላልቅ ዓይኖች ያሏቸው፣ ክንፋቸው ከፊታቸው ግራና ቀኝ የተዘረጋ። ሁሉም አንድ ይመስሉኝ ነበር። አሁን ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥቼ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጬ በቃሌ ልሥላቸው ስሞክር አቃተኝ። ተመልሼ ገባሁ፣ አየሁ፣ ወጣሁ፣ ሣልኩ። እንዲህ ሦስቴ ተመላለስኩ። አንዱ ወደ ጎን ያያል፣ የአንዱ ቅንድብ ከፍ ብሏል። እና ደግሞ ያ ጥቁር መስመር! ፊትን፣ ዓይንን፣ አፍንጫን ጥርት አድርጎ የሚከብበው መስመር። ቀለሙ ውስጡን ይሞላል፣ ቅርጹን የያዘው ግን መስመሩ ነው። ለእንጨትና ለሊኖ (እንደ እኔ ፒቪሲ ላለ የወለል ንጣፍ) ኅትመት የሚያስፈልገው ይኸው ነው። የእንጨት ኅትመትን ባሕር ማዶ ብቻ የሚሠራ ጥበብ አድርጌ አስበው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ብራዚል የኖረ ሐንሰን ባሂያ የሚባል ጀርመን ተወላጅ ሠዓሊ አዲስ አበባ መጥቶ የእንጨት ቅርጽ ኅትመት እንዳስተማረ ሳውቅ፣ ተማሪዎቹ ያን ጥቁር መስመር ሲያዩ የቤታቸው ነገር ሳይመስላቸው አልቀረም ብዬ አሰብኩ።

የብራና መጻሕፍት ላይ ጽሑፉ ጥቁር ነው፤ የቅዱሳን ስም ሲመጣ ግን ቀይ ይሆናል። ይህን ከመጻሕፍቱ ተዋስኩ። ኅትመቶቼ ጥቁር ናቸው፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ቀይ አደርጋለሁ። በሥሮቹ ላይ ቀዩን የት እንደማሳርፍ አላወቅሁም፣ ስለዚህ አላሳረፍኩም። በጀበናው ላይ ግን አወቅሁ።

የእማዬን እጅ ከአርባ ጊዜ በላይ ሣልኩት። ስትቀዳ፣ ስትቆላ፣ ስታራግብ። መጀመሪያ የማንም እጅ ነበር። ወደ ሃያኛው ገጽ ሲደርስ ትንሿ ጣቷ በሁሉም ሥዕሎች ላይ ጠመም ብላለች። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ ደጋግሜ አቃናኋት። ከዚያ አንድ ቀን ሥዕሉን ትቼ ጣቷን ብቻ አየሁ። እውነትም ጠማማ ነች። በሠላሳ ዓመቴ፣ በየቀኑ ከዚያ እጅ ቡና እየተቀበልኩ፣ አይቻት አላውቅም።

ዛሬ ስምንቱን ካተምኩ በኋላ ትንሿን ጣት በቀጭን ብሩሽ ቀይ አደረግኳት። የደረቀች የመሰለችኝን አንዷን ይዤ ወደ ሳሎን ወጣሁ። እማዬ አቦሉን እየቀዳች ነበር። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዙራ አየችው።

«ይሄ የእኔ እጅ ነው?»

«አዎ እማዬ።»

«ይቺን ጣቴን ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። ስሥልሽ አየኋት።»

ጀበናውን መለሰችና ተቀመጠች። ልጅ ሆና ስትፈጭ መጁ ከእጇ አምልጦ ጣቷ ላይ እንደወደቀ ነገረችኝ። እናቷ በጨርቅ አስረውላት፣ በማግስቱ በአንድ እጇ ውኃ እንደቀዳች። ይህን ከዚህ በፊት ነግራኝ አታውቅም፤ እኔም ጠይቄያት አላውቅም። እያወራች ቶናው ተጣደ፣ ፈላ፣ ተቀዳ። በረካው እስኪደርስ ጊዜ ስለነበረኝ ደብተሬን አወጣሁና ያቺን ጣት ብቻዋን ሣልኳት።