የጁፒተር ብልጭታ ያለው ጥሬ ቪዲዮው ውስጥ ነው

ጁፒተርን በቴሌስኮፕ ቀርጻችሁ አንድ የጠራ ምስል ካወጣችሁ በኋላ ጥሬ ቪዲዮውን ለማጥፋት አትቸኩሉ። ጅራታም ኮከብ ወይም አስትሮይድ ፕላኔቱን ሲመታ የሚታየው ብልጭታ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰከንድ አያልፍም። ምስል የሚያደራርበው ፕሮግራም ደግሞ ከሺዎች ፍሬሞች (የቪዲዮው ነጠላ ምስሎች) የተሻሉትን መርጦ አማካያቸውን ነው የሚወስደው። ብልጭታዋ ወይ ሳትመረጥ ትቀራለች፣ ወይ ተመርጣም በሌሎቹ ትዋጣለች። ፎቶው ላይ ምንም አለመታየቱ ምንም አልወደቀም ማለት አይደለም።

እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 2016 ኦስትሪያ ውስጥ ጌሪት ኬርንባወር በ20 ሴንቲሜትር ቴሌስኮፕ ጁፒተርን ቀረጸ። የዚያን ሌሊት አየሩ ስላልተመቸ ቪዲዮዎቹን ቶሎ አላቀናበራቸውም። ከ10 ቀን በኋላ ሲያያቸው ብልጭ ብላ የጠፋች ነጥብ አገኘ። አየርላንድ ውስጥ ጆን ማኬዮን በዚያው ሰዓት የቀረጸው ቪዲዮም ያችኑ ነጥብ ይዞ ተገኘ። በሴፕቴምበር 10 ቀን 2012 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ዳን ፒተርሰን ብልጭታውን በዓይኑ አየ፤ ምስሉ የተገኘው ግን ቴክሳስ የነበረው ጆርጅ ሆል ወሬውን ሰምቶ የራሱን ቪዲዮ ሲፈትሽ ነው። እነዚህ ቪዲዮዎች ሳይታዩ ቢጠፉ ኖሮ ምን ያህል እንደሚጎድለን አስቡት።

በ1994 ጁፒተርን የመታው ጅራታም ኮከብ፣ ሹሜከር-ሌቪ 9፣ በቀጠሮ ነበር የመጣው። በ1992 ወደ ጁፒተር ተጠግቶ በስበቱ ኃይል ተሰባብሮ ስለነበር፣ በማርች 1993 ሲገኝ በክር እንደተሰካ ዶቃ ተደርድሮ ነው የታየው። ቁርጥራጮቹ ከጁላይ 16 እስከ 22 ቀን 1994 በሰከንድ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተምዘገዘጉ ደቡባዊውን ንፍቀ ክበብ መቱ። የወደቁበት ቦታ ከምድር ሲታይ ከጠርዙ ጀርባ ስለነበር፣ ፊት ለፊት ያየችው በጉዞ ላይ የነበረችው ጋሊሊዮ መንኮራኩር ናት። እዚህ ያሉት ፕላኔቱ ዞሮ ጥቁሩን ጠባሳ እስኪያወጣላቸው ጠበቁ። ትልልቆቹ ጠባሳዎች ምድርን ያህሉ ስለነበር በትንሽ ቴሌስኮፕም ይታዩ ነበር። ዛሬ የምንጠብቃቸው ግን ሜትሮች ወይም አሥር ምናምን ሜትሮች ስፋት ያላቸው፣ ማንም ቀድሞ የማያውቃቸው ናቸው።

መሣሪያው ያን ያህል ውድ መሆን የለበትም። 20 ሴንቲሜትር መስታወት ያለው ቴሌስኮፕና በዩኤስቢ 3 የሚሠራ የፕላኔት ካሜራ ይበቃል። የትኩረት ርዝመቱ 3 ሜትር፣ የካሜራው ፒክሰል 2.9 ማይክሮን ከሆነ ጁፒተር ወደ 220 ፒክሰል ስፋት ይኖረዋል። ስለዚህ 320 በ320 የሆነ መስኮት ብቻ ክፈቱ። በ8 ቢት፣ በሰከንድ 60 ፍሬም፣ አንድ ሰዓት 22 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። በ640 በ480 እና በሰከንድ 100 ፍሬም ብትሉት ግን ከ110 ጊጋባይት ያልፋል፤ ዲስኩ ካልቻለውም ፍሬም እየዘለለ ይሄዳል። ፋይሉን ኤስኢአር (SER) በሚባለው ያልታመቀ የቪዲዮ ቅርጽ አስቀምጡ። እንደ ኤምፒ4 የታመቀ ቪዲዮ ደካማ ብልጭታን ይበላል፣ የብርሃን ልኬትንም ያበላሻል። ጌይኑን (የካሜራውን ብርሃን ማጉያ) ከፍ ስታደርጉም ፕላኔቱ ከሙሉ ብርሃን 70 በመቶ እንዳያልፍ። ብልጭታዋ ካሜራው ሊለካው የሚችለውን የብርሃን ጣሪያ ከነካች የወደቀውን ነገር ጉልበት ከብርሃኗ ማስላት አይቻልም።

ለጠራ ምስል ሲባል ቀረጻውን በየሁለት ደቂቃው መቁረጥ የተለመደ ነው፣ ፕላኔቱ ስለሚሽከረከር። ብልጭታ ለሚጠብቅ ግን በመሃል የሚባክነው ጊዜ ኪሳራ ነው፤ ወዲያው ወዲያው አስከትሉ። ቴሌስኮፑን ከቤት አውጥታችሁ አንድ ሰዓት ያህል አቀዝቅዙት። ቀን ሲግል በዋለ የቆርቆሮ ጣሪያ በላይ አሻግሮ ማየትም ምስሉን ያርገበግበዋል።

ቪዲዮውን የማርክ ደልክሯ ፕሮግራም፣ ዲቴክት፣ በራሱ ይፈትሽላችኋል። ምንም ያልተገኘበት ሰዓትም ይመዘገባል፤ ጁፒተር በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚመታ የሚሰላው ባዶዎቹም ተቆጥረው ነው። አጠራጣሪ ነጥብ ከወጣ ፍሬም በፍሬም እዩት። በአንድ ፍሬም ብቻ ታይቶ የጠፋ ከጠፈር የሚመጣ የኮስሚክ ጨረር ነው። ፕላኔቱ ሲወዛወዝ እሱ ከቦታው የማይነቃነቅ የካሜራው ፒክሰል ነው። መስመር ሠርቶ የሚያልፈው ሳተላይት ነው። እውነተኛው ከፕላኔቱ ጋር አብሮ ይወዛወዛል፤ በበርካታ ተከታታይ ፍሬሞች እየደመቀ ሄዶ እየደበዘዘ ይከስማል። ከዚያም ሌላ ቦታ ያለ ሰው ቪዲዮ ይፈለጋል። በጁን 3 ቀን 2010 አንቶኒ ዌስሊ ከአውስትራሊያ፣ ክሪስቶፈር ጎ ከፊሊፒንስ ያንኑ ብልጭታ አንዱ በቀይ፣ አንዱ በሰማያዊ ማጣሪያ ቀርጸውት ነበር።

ሌላው ቀርጾ እንዲያመሳክር ሰዓታችሁ ትክክል መሆን አለበት። ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ሰዓት ጋር አስተካክላችሁ በዓለም አቀፍ ሰዓት መዝግቡ። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ባለው ላይ 15 ደምሩ፤ ከምሽቱ 4:20 ማለት 19:20 ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ደግሞ 9 ቀንሱ፤ ልክ በዚያች ቅጽበት የዓለም አቀፉ ቀን ይቀየራልና ቀኑን ሳታዩ አትጻፉ።

ትልቅ ነገር ከወደቀ ጠባሳ ይተዋል። በጁላይ 19 ቀን 2009 ዌስሊ በደቡብ ዋልታው አቅራቢያ ያገኘው እንዲህ ያለ ጥቁር ምልክት ነበር፤ ብልጭታውን ያየ አልነበረም። ጥቁር ነጥብ ስታዩ መጀመሪያ ከጁፒተር ጨረቃዎች የአንዷ ጥላ አለመሆኑን አጣሩ። አይኦ የተባለችው ጨረቃ ጥላ የጁፒተርን ፊት ለማቋረጥ ከ2 ሰዓት ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ጠባሳ ግን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 5 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የ889 ናኖሜትር ማጣሪያ ያለው ሰው ወዲያው ይለየዋል። በዚያ ቀለም በጁፒተር ከባቢ አየር ውስጥ ያለው ሚቴን ጋዝ የፀሐይን ብርሃን ስለሚውጥ ፕላኔቱ ይጨልማል፤ ከፍ ብሎ የተበተነው ፍርስራሽ ግን ከሚቴኑ በላይ ሆኖ ያበራል። ጥላ እዚያም ጥቁር ነው።

ጁፒተር በ9 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ገደማ አንዴ ስለሚዞር፣ ነገ በዚያው ሰዓት ብትጠብቁ ጠባሳውን አታገኙትም፤ ሌላኛው ጎን ነው የሚገጥማችሁ። አምስት ዙር የሚሞላው ከሁለት ቀን ከ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ በኋላ ነው። ዛሬ ከምሽቱ 3 ሰዓት መሃል ላይ ያያችሁትን ከነገ ወዲያ 4:40 ላይ መሃል ላይ ፈልጉት።