አባ ኮዳና የማላውቀው በረዶ

በ2004 ዓ.ም. የአሥረኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ተፈትኜ ውጤቱ ሲመጣ፣ በእንግሊዝኛ ያገኘሁት ዲ ነበር። ውጤቱ ማንንም አላስገረመም፤ እኔንም ጭምር። ለዓመታት ክፍል ውስጥ የተማርኩት ሰዋስው ነበርና ስለ ግስ ዓይነቶች የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር ትርጓሜያቸውን ከነምሳሌያቸው በቃሌ እወጣለት ነበር፤ አንድ አንቀጽ ሰጥቶ «አንብብና የገባህን ንገረኝ» የሚለኝ ሲመጣ ግን ላብ ያጠምቀኝ ነበር። መሰናዶ መግባት ስላልተሳካልኝ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ፣ ዓሣ ጠብሳና ሾርባ ሠርታ ከምትሸጠው እናቴ ጋር መሥራት ጀመርኩ። ሥራዬ ጠዋት ጠዋት ከጀልባ የሚወርደውን ቆሮሶ ቅርፊቱን ፍቄ፣ ሆድ ዕቃውን አውጥቼ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ መለየት ነበር። ዛሬ እዚያው ሐዋሳ በአንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ እሠራለሁ፤ እንግሊዝኛ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ሲናገሩኝም እሰማለሁ። በሁለቱ መካከል ምን እንደ ሆነ ታናናሾቼ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ነው ይህን መጻፌ።

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ቅዳሜ የዓሣ ሾርባ ሊጠጡ ወደ እኛ ይመጡ በነበሩ አንድ ጡረተኛ የባዮሎጂ መምህር ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። አንድ ቀን እንግሊዝኛ እንዴት እንደማይገባኝ ሳማርርላቸው ዝም ብለው ሰሙኝና በሳምንቱ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ለልጆች የተዘጋጀ፣ ስለ እንስሳት የሚያወራ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይዘውልኝ መጡ። «ከመጀመሪያው ገጽ እንዳትጀምር» አሉኝ። «በዓይንህ የምታውቀውን እንስሳ ፈልግና እሱን ብቻ አንብብ። የማታውቀውን በኋላ ትደርስበታለህ።» ከዚያ በፊት ያገኘኋቸው አስተማሪዎች ሁሉ ይነግሩኝ የነበረው ከአንደኛው ምዕራፍ እንድጀምር ስለ ነበር ምክሩ እንግዳ ሆነብኝ።

የማውቀውን ስፈልግ ያገኘሁት አባ ኮዳን ነው። ሐዋሳን ያየ ሰው ይህን ወፍ አይረሳውም፤ ራሱ በራ፣ አንገቱ ላይ እንደ ኮዳ የተንጠለጠለ ከረጢት ያለው፣ ዓሣ ሲታረድ ከሰው መካከል እንደ ሽማግሌ ቆሞ አንጀት እስኪወረወርለት የሚጠብቅ ትልቅ ፍጡር ነው። መጽሐፉ ማራቡ ስቶርክ ይለዋል። ገጹን ሳነብ ቃላቱ ከግማሽ በላይ አዲስ ቢሆኑም ነገሩ አዲስ አልነበረምና ስለ ምን እየተወራ እንደ ሆነ ሳይነግሩኝ እገምት ነበር፤ «ስካቨንጀር» የሚለውን ረጅም ቃል መዝገበ ቃላት ሳልገልጥ ጥምብና ትርፍራፊ የሚበላ ማለት መሆኑን የገመትኩት ወፉን ስለማውቀው ብቻ ነው።

አንድ ዓረፍተ ነገር ግን አስቸገረኝ። የወፉ እግር ነጭ መስሎ የሚታየው «በድሮፒንግስ» ስለሚሸፈን ነው ይላል። መዝገበ ቃላቴ «ድሮፕ» ለሚለው ጠብታ ስለሚል፣ ከውኃ ሲወጣ የሚቀርበት ጠብታ ይሆናል ብዬ አለፍኩት፤ ነገር ግን ጠብታ እንዴት እግርን ነጭ እንደሚያደርግ አልተዋጠልኝም። በማግስቱ ጠዋት ጀልባዎቹ ሳይመጡ አንዱን አባ ኮዳ በቅርብ ቆሜ ተመለከትኩት። ፀሐይ እየበረታች ስትሄድ ወፉ ከቆመበት ሳይንቀሳቀስ ቀጭን ነጭ ኩሱን በራሱ እግር ላይ ለቀቀው፤ ኩሱም እየወረደ እግሩ ላይ ደረቀ። ያን ጊዜ ቃሉም ነገሩም አንድ ላይ ገቡኝ። ወፉ ይህን የሚያደርገው እርጥበቱ ሲተን እግሩን እንዲያቀዘቅዝለት መሆኑን ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ተወልጄ ባደግኩበት ሐይቅ ዳር የአባ ኮዳ እግር በተፈጥሮው ነጭ ይመስለኝ ነበር፤ ከሥሩ ግን ጠቆር ያለ ነው። ይህን በአማርኛ ማንም አልነገረኝም፤ የነገረኝ ያልገባኝ እንግሊዝኛ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ማንበብ የፈተና ጉዳይ መሆኑ ቀረና ማወቅ የምፈልገው ነገር ያለበት ጉዳይ ሆነ።

ለአንድ ዓመት ያህል ከሐይቁ አካባቢ አልወጣሁም ማለት ይቻላል። ጉማሬን፣ አምባዛን፣ ዓሣ አዳኙን ንስር፣ ጦጣን፣ ጉሬዛን አነበብኩ። ስለ ጉሬዛ ሳነብ ያገኘሁት ደስታ የተለየ ነበር፤ ሳይንሳዊ ስሙ «ኮሎበስ ጉሬዛ» መሆኑን ሳይ የራሳችንን ቃል በእንግሊዝኛ መጽሐፍ መካከል እንደ ዘመድ አገኘሁት። «ኮሎበስ» ደግሞ አካሉ የጎደለ ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ ምክንያቱም ጉሬዛ እንደ ሌሎቹ አውራ ጣት የለውም፤ በቦታው ያለችው እንደ ኪንታሮት ያለች ጉብታ ናት። በሌላ በኩል መዝገበ ቃላት ያሳሳተኝ ብዙ ነው። «ወልፍ» ተኩላ፣ «ፎክስ» ቀበሮ ብዬ ይዤ ስለ ነበር «ኢትዮጵያን ወልፍ» የሚል ርዕስ ሳይ የማላውቀው ተኩላ ያለን መስሎኝ ነበር። ሥዕሉን ስገልጥ በባሌ ተራሮች ፍልፈል እያደነ የሚኖረው፣ በዓለም ላይ ከ500 ያነሱ ጎልማሶች ብቻ የቀሩት የኛው ቀይ ቀበሮ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አንድ የአማርኛ አቻ አለው ብሎ በሁለት ረድፍ መጻፍን ተውኩ። በደብተሬ ላይ እንስሳውን እንደምንም እሥለውና ቃሉ የተገኘበትን ዓረፍተ ነገር ከሥሩ ሙሉውን እገለብጥ ነበር። ሥዕሌን ያየ ሰው ጉማሬውን በሬ ሊለው ይችላል፤ ለእኔ ግን በቂ ነበር።

ስለ እንስሳት የሚጻፍ እንግሊዝኛ ለጀማሪ የሚመቸው ለምን እንደ ሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ወፉ ይኖራል፣ ይበላል፣ እንቁላል ይጥላል እየተባለ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ የግስ ጊዜ፣ በአሁን ጊዜ፣ ስለሚሄድ፣ በክፍል ውስጥ መቶ ጊዜ ተነግሮኝ መቶ ጊዜ የረሳኋት በግስ ጫፍ የምትቀጠል «ኤስ» ሳላስባት ከብዕሬ መውጣት ጀመረች። ሌላው ትልቁ ችግሬ የዓረፍተ ነገር አካሄድ ነበር። የእኛ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ እንግሊዝኛውን ከኋላ ወደ ፊት እያነበብኩ በልቤ ወደ አማርኛ እመልሰው ነበር፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ስደርስ የመጀመሪያውን ረስቼዋለሁ። ንስሩ ከዛፍ ሲነሣ፣ ውኃውን ሲመታ፣ በመጨረሻም በጥፍሩ የያዘው ዓሣ ብቅ ሲል እየተመለከትኩ ሳለ ግን እንግሊዝኛው የሚሄደው በዚህ ተራ መሆኑን አስተዋልኩ፤ መጀመሪያ አድራጊው፣ ቀጥሎ ድርጊቱ፣ ከዚያ የተያዘው። ከዚያ ወዲህ እንደሚመጣልኝ ቅደም ተከተል መቀበልን ለመድኩ። ሰዋስው የሚያስተምሩ ሰዎች ይህ ቀላል ነገር ነው ሊሉ ይችላሉ፤ እኔ ግን ለመልመድ ወራት ወስዶብኛል።

ማታ ማታ ያነበብኩትን ለእናቴ በአማርኛ እተርክላት ነበር። ይህን ያደረግኩት ለዘዴ ብዬ ሳይሆን ሽንኩርት አብረን ስንልጥ ወሬ ስለሚያስፈልግ ነው፤ ነገር ግን ከሁሉ የጠቀመኝ እሱ ሳይሆን አይቀርም። እናቴ ያልተብራራ ነገር አታሳልፍም። በደቡብ ዋልታ የሚኖረው ትልቁ ፔንግዊን፣ ወንዱ እንቁላሉን እግሩ ላይ አስቀምጦ ምንም ሳይበላ ሁለት ወር ያህል እንደሚቆም ስነግራት ቢላዋዋን አስቀመጠችና «ሴቷስ የት ሄዳ?» አለችኝ። መልሱ እዚያው ገጽ ላይ ነበር፤ እኔ ግን ዘልዬው ኖሯል። ሴቷ ምግብ ፍለጋ ወደ ባሕር እንደምትሄድ በማግስቱ ስነግራት «በል አባትህ ቢሰማ ጥሩ ነበር» ብላ ሳቀች። ለእሷ መናገር ያልቻልኩት ክፍል ሁልጊዜ በትክክል ያልገባኝ ክፍል ነበር።

ፔንግዊኑ ከሐይቁ ሲያስወጣኝ ሌላ ዓይነት ችግር ገጠመኝ። እስከዚያ ድረስ ነገሩን አውቄ ቃሉን ነበር የምፈልገው፤ አሁን ቃሉን አውቀዋለሁ፣ ነገሩን ግን አይቼው አላውቅም። ይህኛው ይከብዳል፤ ምክንያቱም ያልገባህ መሆኑን እንኳ አታውቅም። ድብ በ«ዊንተር» ይተኛል የሚለውን ሳነብ መዝገበ ቃላቱ ክረምት ስላለኝ፣ ድቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ሸሽቶ ዋሻ ገብቶ የሚተኛ አድርጌ ተረዳሁት፤ ዓረፍተ ነገሩም ያለ ምንም እንከን ትርጉም ሰጠኝ። ስህተቱን ያረመችልኝ ካናዳ ኤድመንተን የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ናት። ታላቄ ስለሆነች እትዬ እላታለሁ። በስልክ በአማርኛ እንጻጻፍ ነበር፤ ስለ ኑሮዋ በእንግሊዝኛ እንድትጽፍልኝ ለመንኳት፣ እሷም እሺ አለችኝ። ሐምሌ ላይ፣ እዚህ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ባለበት ሰሞን፣ «አሁን ሰመር ነው፣ ልጆቹን ይዤ ሐይቅ ልዋኝ ሄድኩ» ብላ ስትጽፍልኝ የያዝኩት ትርጉም ሁሉ ፈረሰ። የእነሱ ዊንተር የሚጀምረው እኛ በጋ ብለን መኸር በምንሰበስብበት ጊዜ ነው፤ የሚለየውም በዝናብ ሳይሆን በብርድና በቀኑ ማጠር ነው።

በረዶ ደግሞ ከዚህም ባሰ። ሐዋሳ ላይ የማውቀው በረዶ ከዝናብ ጋር ወርዶ ጣሪያ የሚደበድበውን ጠጠር ብቻ ነው። ስለዚህ እትዬ በረዶው ጉልበቷ ድረስ እንደ ደረሰና በአካፋ እየዛቀች መንገድ እንዳወጣች ስታወራ፣ ያን ሁሉ ጠጠር ጉልበት ድረስ ከምሬ በማሰብ ስንት ሰው ተፈንክቶ ይሆን ብዬ አዘንኩ። «የሚወርደው ድምፅ የለውም» ብላ ስትጽፍልኝ ነው የነቃሁት። እንግሊዝኛ «ስኖው»፣ «አይስ» እና «ሄይል» ብሎ ለሦስት የከፈለውን እኛ በአንድ ቃል ይዘነዋል፤ አየራችን ብዙ ስላላስቸገረን ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ እትዬን ስጠይቃት ቃሉ ምን ማለት ነው ማለቴን ተውኩና ሲነካ ምን ይመስላል፣ ምን ድምፅ አለው፣ ምን ለብሰሽ ነው የምትወጪው እያልኩ መጠየቅ ጀመርኩ። እሷ ስለ ሰፈሯ ዝይዎች ጻፈችልኝ፤ ብርዱ ሲመጣ እየጮኹ ወደ ደቡብ እንደሚበርሩና በጸደይ እንደሚመለሱ። በእንስሳት ንባቤ የማውቃቸው ቃላት ስለ ነበሩ ያ መልእክት መዝገበ ቃላት ሳልገልጥ እስከ መጨረሻው ያነበብኩት የመጀመሪያ ጽሑፍ ሆነ።

ንባብ ብቻውን የማይሰጠውን ነገር በሆቴል ሥራ ከፍዬ ተማርኩት። በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት አንድ የውጭ አገር እንግዳ ጠዋት በሰባት ሰዓት እንድንቀሰቅሰው ነገረኝ። እኔም የሚለው በደንብ ስለገባኝ ኮርቼ፣ ለጠዋት ተረኛው በወረቀት ላይ «7» ብዬ ጽፌ ወጣሁ። ተረኛው እንደ አገሩ ሰዓት አነበበው፤ በሩን ያንኳኳው ምሳ ሰዓት ላይ ነው። የእንግዳው ሰባት የእኛ አንድ ሰዓት መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ወረቀቱ ግን የማንን ሰዓት እንደሚናገር አልተጻፈበትም። ሰውየው አውቶቡስ አምልጦት ሲቆጣ የተረዳሁትን ያህል እንግሊዝኛ ከዚያ በፊት ተረድቼ አላውቅም። አነጋገሬም ቢሆን በዓይን ብቻ የተማረ ሰው አነጋገር ነበር። ደሴትን «ኢስላንድ» እያልኩ ለወራት ተናግሬያለሁ፤ ድብን «ቢር» ብዬ ስጠራ ደግሞ አንድ ጎብኚ ቢራ ማለቴ መስሎት «እኔ ቀዝቃዛ ይሁንልኝ» ብሎኛል። አሁን ብጀምር ኖሮ የማነበውን ገጽ የሚያነብልኝ ድምፅ ከመጀመሪያው ቀን እፈልግ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት አንድ የፖላንድ እንግዳ ወደ ሐይቁ ዳር አብሬው እንድወርድ ጠየቀኝ። ሣሩ ላይ ከአባ ኮዳዎቹ ራቅ ብለው ጥቂት ሽመላዎች ቆመው ነበር፤ አካላቸው ነጭ፣ የክንፋቸው ጫፍ ጥቁር፣ ምንቃራቸው ቀይ። ሰውየው ቆም ብሎ ረጅም ጊዜ ተመለከታቸውና በእሱ አገር ገጠር በጣሪያና በመብራት ምሰሶ ላይ ጎጆ እንደሚሠሩ፣ የአባቱም ጎተራ ላይ በየዓመቱ ጥንድ እንደምትመጣ፣ በነሐሴ መጨረሻ ላይ ግን ሁሉም ተነሥተው እንደሚሄዱ ነገረኝ። ወዴት እንደሚሄዱ በልጅነቱ አባቱን ሲጠይቀው «ወደ አፍሪካ» ብቻ ይለው ነበር። የነገረኝን በሙሉ ሰማሁት፤ የጎደለኝ አንዲት ቃል ጎተራ የምትለዋ ነበረችና ጠየቅኩት፤ ማስታወሻውን አውጥቶ ሣለልኝ። ከዚያ የወፉን የአማርኛ ስም ጠየቀኝ። «ሽመላ» አልኩት። ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስቱንም ጊዜ «ሺሜላ» አለና ከጎተራው ሥዕል አጠገብ ጻፋት።