ሞተሩ አንድ፣ አክስሉ ሁለት፦ የወታደሩና የሲቪሉ ዋዝ

ስለ ሶቭየቱ ጂፕ፣ ስለ ዋዝ፣ «የወታደሩ ዋዝ ሞተሩ ልዩ ነው፣ የሲቪሉ ጉልበት የለውም» የሚለው ወሬ ከጋራዥ ጋራዥ ሲዞር ኖሯል። ሁለቱን ሞተሮች ፈትቶ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ግን ይህን አይልም። ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ጉልበቱን የሚበላውም ሌላ ነገር ነው።

ሩሲያ ውስጥ ኡሊያኖቭስክ ያለው የዋዝ ፋብሪካ የቀድሞውን ጂፕ ጋዝ-69ን የሚተካውን መኪና በብዛት ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1972 መጨረሻ ላይ ነው። ዋዝ-469 ለሠራዊቱ፣ ዋዝ-469ቢ ደግሞ ለጋራ እርሻዎች፣ ለገጠር ሐኪሞች፣ ለፖሊስና ለመሳሰለው የመንግሥት ሥራ ተመደበ። በ1985 ስማቸው ወደ 3151 እና 31512 ተቀየረ። የወታደሩ መኪና በብርድ ሞተሩን ቀድሞ የሚያሞቅ መሣሪያ አለው፤ የካንዴላ ገመዶቹም ሬዲዮ እንዳይረብሹ በብረት የተሸፈኑ ናቸው። ከዚህ ውጪ ሻንሲው፣ ቦዲው፣ ካምቢዮውና ሞተሩ የጋራ ነው። በደርግ ዘመን ከሶቭየት መሣሪያ ጋር አገራችን የገባው ይኸው መኪና ነው።

ሞተሩ አራት ሲሊንደር፣ 2.445 ሊትር ነው። የፒስተኑ ስፋትና ምቱ እኩል ናቸው፤ 92 በ92 ሚሊ ሜትር። ኮምፕሬሽኑ (ድብልቁ የሚጨመቅበት መጠን) 6.7 ብቻ ስለሆነ በ76 ኦክቴን ቤንዚን ይሠራል። በደቂቃ 4000 ዙር ላይ 75 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ለገጠር መንገድ የሚጠቅመው ቁጥር ግን ሌላው ነው፤ ከ2200 እስከ 2500 ዙር ባለው መካከል ወደ 167 ኒውተን ሜትር ቶርክ (የማዞር ኃይል)። ከዚያ በላይ መርገጥ ጩኸት እንጂ ቶርክ አይጨምርም።

አሁን ወደ አክስሉ። ከኋላ ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ። በሲቪሉ የአክስሉ ቱቦ በቀጥታ ወደ ጎማው መሀል ይገባል። በወታደሩ ቱቦው ከጎማው መሀል ከፍ ብሎ ገብቶ፣ በየጎማው ውስጥ ያለች ትንሽ የማርሽ ሳጥን ኃይሉን ወደ ታች ታወርደዋለች። በጨለማ ለሚገዛ ሰው ሜትር ይበቃል፤ ከዲፍሬንሻሉ (አክስሉ መሀል ካለው የማርሽ ቤት) ሆድ እስከ መሬት ወታደሩ ወደ 30፣ ሲቪሉ ወደ 22 ሳንቲ ሜትር ነው። ድንጋይ መሀል ለመሀል በቆመበት መንገድ 8 ሳንቲ ሜትር ማለት ማለፍና አለማለፍ ነው።

የማርሹ ሒሳብ ግን ብዙዎች እንደሚጠብቁት አይደለም። በወታደሩ ዲፍሬንሻሉ 2.77፣ የጎማው ማርሽ 1.94 ነው፤ ሲባዛ 5.37 ይሆናል። ሲቪሉ በአንድ ጊዜ 5.125 ነው። ልዩነቱ 5 በመቶ አይሞላም። አንደኛ ማርሽ 4.12፣ ትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ አክስል የሚያከፋፍለው ሳጥን) በከባዱ ማርሽ 1.94 ስለሆነ ጠቅላላው በወታደሩ 43፣ በሲቪሉ 41 ይመጣል። በ1000 ዙር ሁለቱም በሰዓት ከ3 ኪሎ ሜትር ብዙም ሳይርቁ ይሳባሉ፤ ከጎኑ ያለ እግረኛ ቀድሞት ይሄዳል። የወታደሩ አክስል እውነተኛ ጥቅም ከመሬት ከፍ ማለቱ ነው። ሁለተኛው ጥቅም ማርሹ መጨረሻ ላይ ስለሚበዛ የውስጥ ሴሚያሶቹ (ከዲፍሬንሻሉ ወደ ጎማ ኃይል የሚወስዱት ዘንጎች) የሚሸከሙት ቶርክ በግማሽ ገደማ መቀነሱ ነው። ዋጋውም አለ፤ ተጨማሪ አራት ዘይት የሚጠይቁ ሳጥኖች፣ ተጨማሪ ኩሽኔታዎች፣ አስፋልት ላይ የማይለይ ፉጨት። ለከተማና ለጠጠር መንገድ ሲቪሉ ይሻላል ባይ ነኝ።

ታዲያ ጉልበቱ የት ሄደ? አየሩ ውስጥ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2400 ሜትር ከፍ ትላለች፤ እዚያ የአንድ ሊትር አየር ክብደት ከባሕር ወለሉ 79 በመቶ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ የሞተሩ የውስጥ መፋተግ ግን አይቀንስም። ስለዚህ 75ቱ ፈረስ ወደ 57 ይወርዳል፣ 167ቱ ኒውተን ሜትር ወደ 130። እንጦጦ ጫፍ ሲደረስ ደግሞ 55ም አይሞላም። በወታደርና በሲቪል መካከል ያለው የማርሽ ልዩነት 5 በመቶ፣ ደጋው የሚወስደው ከ20 በመቶ በላይ። «የሲቪሉ ደካማ ነው» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያማው ደጋውን ነው።

አሜሪካኖቹ ሌላ መንገድ መርጠዋል። ኤኤም ጄኔራል የተባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1992 የወታደር መኪናውን ሐመርን ለሲቪል ሲሸጥ ጎማው ውስጥ ያለውን 1.92 ማርሽም፣ 40 ሳንቲ ሜትር የሚሆነውን ከመሬት ከፍታም አልነካም፤ በዓመታት የቀየረው ሞተሩን ነው። ከ6.2 ሊትር 150 ፈረስ ናፍጣ ተነስቶ በ1996 ቱርቦ ወዳለው 6.5 ሊትርና ወደ 195 ፈረስ ገደማ፣ በመጨረሻው በ2006 ደግሞ 6.6 ሊትርና 300 ፈረስ ደረሰ። ቱርቦ ደጋ ላይ የጠፋውን አየር መልሶ ስለሚሞላ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ሙቀት ያመጣል። በ6.5ቱ ላይ የናፍጣ ፓምፑ ጎን የተለጠፈችው ኤሌክትሮኒክስ ሞተሩ ሲግል ትሞታለች፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይነሳል። መፍትሔው እሷን ከሞተሩ አርቆ ሙቀት በሚያስወጣ አሉሚኒየም ላይ ማሰር ነው።

ወደ ዋዙ እንመለስ። ደጋ ላይ መጀመሪያ የሚነካው አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ካርቡሬተሩ ነው። ባለ አንድ ጉሮሮው ኬ-129 አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ቤንዚኑን ያው ይለቃል። በ2400 ሜትር ድብልቁ ላይ ቤንዚኑ 12 በመቶ ገደማ ይበዛበታል። ካንዴላው እንደ ከሰል የጠቆረ፣ ጭሱ ቤንዚን የሚሸት፣ የሞተር ዘይቱ የቀጠነ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። በሶቭየት ጄቶች (ቤንዚኑ የሚያልፍባቸው ቀዳዳ ያላቸው ትንንሽ ብሎኖች) ላይ የተቀረጸው ቁጥር በደቂቃ የሚያሳልፈው መጠን በመሆኑ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በመጀመሪያ 5 በመቶ ያነሰ ጄት አስገብቶ፣ ዳገት ነድቶ ካንዴላ ማየት፣ ካስፈለገ ወደ 10 መውረድ። ካንዴላው የቡና ወተት ቀለም ሲይዝ ይበቃል። ቀዳዳውን በቆርቆሮ ሞልቶ በመርፌ መብሳት የተለመደ ቢሆንም አልመክርም፤ ቆላ ሲወረድ ድብልቁ ሳስቶ ቫልቮላ ያቃጥላል። ሁለቱን ጄቶች ይዞ እንደ መንገዱ መቀያየር የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ከዚያ ማቀጣጠያው። የፑንቲናው (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ መብራቱን የሚቆርጠው መገናኛ) ክፍተት ከ0.35 እስከ 0.45 ሚሊ ሜትር፣ የማቀጣጠል ተራው 1-2-4-3 ነው። ከሌላ መኪና ልምድ 1-3-4-2 አድርጎ ገመድ የሰካ ሰው ሞተሩ በካርቡሬተሩ በኩል ሲተፋበት ይውላል። ክፍተቱ ከተስተካከለ በኋላ ማቀጣጠያውን ትንሽ ማስቀደም ይቻላል፤ አየሩ ስስ ነው፣ የማደያው ቤንዚንም ከ76 ኦክቴን በላይ ነው፤ ሞተሩ አይንኳኳም። ፈተናው እንዲህ ነው። የሞቀውን ሞተር በአራተኛ ማርሽ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ላይ ይዛችሁ በድንገት እስከ ታች ርገጡ። አጭር ቀላል ንኩንኩታ ተሰምቶ ወዲያው ከጠፋ ልክ ነው። ከቀጠለ መልሱት፤ ጭራሽ ካልተሰማ ትንሽ ቦታ አለ።

ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት) ሲለካ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። የመመሪያው ቁጥር ለባሕር ወለል የተጻፈ ነው። በ2400 ሜትር የአየሩ ግፊት 75 በመቶ ያህል ስለሆነ ጤነኛው ሞተርም ጌጁ ላይ ከመመሪያው ሩብ ያህል ዝቅ ይላል። በዚህ ምክንያት ብቻ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) የወረደላቸው፣ የፒስተን ቀለበት የተቀየረላቸው ሞተሮች ጥቂት አይደሉም። የመመሪያውን ቁጥር በ0.75 አባዙ፤ ከሁሉም በላይ አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ አወዳድሩ።

ሙቀት ሌላው ነው። ውሃ በዚህ ከፍታ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የማይይዝ ከሆነ ዳገት መሀል መፍላቱ አይቀርም። ሌላ ከመፍታታችሁ በፊት ክዳኑን ቀይሩ። ቀጥሎ ራዲያተሩ ፊት ያሉትን የቆርቆሮ መዝጊያዎች እዩ። ለሩሲያ ክረምት የተሠሩ ናቸው፤ ከጋቢና በገመድ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ገመዱ ዝጎ ከተያዘ ግማሽ እንደተዘጉ ይቀራሉ፤ ማንም ልብ አይላቸውም። ለእኛ አገር ፈትቶ መጣል ምንም አያጎድልም። የዘይት ማቀዝቀዣው ቧንቧም አለ፤ አየሩ ከ20 ዲግሪ በላይ ሲሆን ወይም በከባድ ማርሽ ረጅም ዳገት ሲወጣ ይከፈታል። ሲከፈት የዘይት ግፊቱ ትንሽ ቢወርድ አትደንግጡ፤ በዝቅተኛ ዙር በካሬ ሳንቲ ሜትር እስከ 0.5 ኪሎ ድረስ ችግር የለውም።

ዳገት ላይ ሞተሩ ትንፋሽ አጥሮት ቢቆምና ትንሽ ቆይቶ ቢነሳ፣ ቤንዚኑ በሙቀት ወደ እንፋሎት ተቀይሮ ፓምፑ ባዶ እየሳበ ነው። እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ ጣሉና በሥሩ ያለችውን የእጅ ማንሻ ደጋግማችሁ ጫኑ። እንደገና ከቆመ ወደ ታንከር መለወጫው ቧንቧ ሂዱ። መኪናው እያንዳንዳቸው 39 ሊትር የሚይዙ ሁለት የቤንዚን ታንከሮች አሉት፤ ያረጀው መለወጫ ከባዶው በኩል አየር ይስባል። ባዶውን ታንከር አሥር ሊትር ሞልታችሁ ችግሩ ከጠፋ በደለኛው ተገኝቷል።

በድንገት፣ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ፣ ሞተሩ ጸጥ ብሎ ካልነሳ ደግሞ የካምሻፍቱን (ቫልቮላዎቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ማርሽ ጠርጥሩ። ለድምፅ ቅነሳ ሲባል ከብረት ሳይሆን ከተጠቀጠቀ ጨርቅና ሙጫ የተሠራ ስለሆነ ጥርሱ ይረግፋል። ለማረጋገጥ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አንሱ፣ አንድ ሰው በማኒቬላ (በእጅ ማዞሪያ ብረት) ሞተሩን ያዙር። ውስጥ ያለችው መዘውር ካልዞረች ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ አሁንም የወታደሩን አክስል ሲቪሉ ላይ ልግጠም የሚል ካለ፣ ይቻላል፤ ግን ሁለቱን አንድ ላይ። ፊት 5.125፣ ኋላ 5.37 ሆኖ የፊት ጎማው ከተያያዘ ሁለቱ አክስሎች እርስ በርስ ይጓተታሉ፤ ዋዝ መሀል ላይ ዲፍሬንሻል ስለሌለው ጭቃ ላይ ቢታገሥም ጠጠር ላይ ክሮቼራ (የካርዳን መገጣጠሚያ) ወይም የትራንስፈር ማርሽ ይበላል። የካርዳኖቹ (ከትራንስፈር ወደ አክስል የሚሄዱት ዘንጎች) ርዝመትም ስለሚለያይ ከአክስሎቹ ጋር አብራችሁ ግዙ። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ከዚያ በኋላ 5 በመቶ ያህል አብዝቶ ያነባል። የአራቱን ጎማ ሳጥኖች ዘይት እስከ መሙያው ቀዳዳ ሙሉ፤ በመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር ከጎማው ውስጠኛ ጎን የዘይት ጠብታ ከታየ ጎሚኒው (የዘይት መከላከያ ጎማው) ሳይቀየር መንገድ አትውጡ፤ ያ ዘይት ቀጥሎ የሚወርደው ፍሬኑ ላይ ነው።