ማር ቆረጣና ሒሳብ መዝጊያ

ጅማ ላይ ቡና በሚነግድ ድርጅት ውስጥ ለሚሠራ የሒሳብ ባለሙያ ከጥቅምት የከፋ ወር የለም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ዓመታዊ ሒሳቡን የሚያስታውቅበት የአራት ወር ጊዜ ደግሞ ጥቅምት 30 ያበቃል። ሲሰሙት ረጅም ይመስላል። ግን ሐምሌና ነሐሴ በዝናብና በ«ገና ነው» ያልፋሉ፣ መስከረም በዓል ነው፣ ከዚያ ብንን ስንል ጥቅምት ገብቷል።

በዚያው ወር ቡናው ይቀላል። ድርጅታችን ከገበሬ እሸት ይገዛና በየገጠሩ ባሉት ጣቢያዎች ያጥባል። እሸት ቡና ቆይልኝ አይባልም። በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይወርዳል። ገበሬው እጅ በእጅ ይከፈለዋል፣ ለእያንዳንዱ ሚዛን ደረሰኝ ይቆረጣል፣ ደረሰኙ ዞሮ ዞሮ እኛ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ወደ ስድስት ኪሎ እሸት ያስፈልጋል። የወረቀቱን ብዛት አስቡት።

ሦስተኛው ጣጣ የራሴ ነው። ጓሮዬ ውስጥ የንብ ቀፎዎች አሉኝ። ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባውና መጩ ሲፈነዱ ንቦቹ ይሞላሉ፤ ማር ቆረጣውም ጥቅምት ላይ ይመጣል። ብዙ ሰው «ትሸጠዋለህ?» ይለኛል። አልሸጥም። ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ለቤት ነው። ሙያውን ያስተማሩኝ ጅሬን በኩል የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ አባባ ነው የምላቸው። በአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አካባቢ ተወልደው ያደጉ ናቸው፣ ንብ ሲነኩ ጓንት አያደርጉም። እኔ አደርጋለሁ።

የአገራችን ንብ ቁጡ ናት። ቀን ላይ ቀፎ ከከፈታችሁ ሰፈሩ በሩን ይዘጋል፣ ውሻ ሰንሰለት ይበጥሳል። ስለዚህ የሚከፈተው ፀሐይ ስትገባ ነው። ጅማ ላይ ይኼ 12 ሰዓት አካባቢ ማለት ነው። ኩበት ታጨሳላችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ክዳኑን ታነሣላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ስልክ የሚባል ነገር የለም።

የቢሮ መውጫ ሰዓታችን 11 ሰዓት ተኩል ነው። በቡና ወቅት ግን በዚያ ሰዓት የሚወጣው ጽዳት ሠራተኛዋ ብቻ ነበረች። እኛ እስከ ሁለት፣ ሦስት ሰዓት እንቆይ ነበር። የሚገርመው ግን አሠሪያችን አልበደለንም። ገንዘብ ያዣችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ ቁጥር 1156/2011ን፣ በቃሏ ነው የምታውቀው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከአራት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንደማይበልጥ፣ የምሽቱ ክፍያ በአንድ ተኩል እንደሚባዛ ታሰላለች፤ ድርጅቱም ይከፍላል። ስለዚህ ማን ምን ብሎ አፉን ይከፍታል? የምታማርረው ባለቤቴ ብቻ ነበረች። «ብሩ ከእኔ ጋር ቡና አይጠጣም» ትለኛለች።

ባለቤቴ ነርስ ናት። ተረኛ በሆነችባቸው ሌሊቶች ልጆቹን የማበላውና የማስተኛው እኔ ነኝ። አንዳንድ ሥልጠና ላይ ክብ ይስሉና ለሥራ፣ ለቤተሰብ፣ ለራስ እያሉ ይከፋፍሉታል። ነርስ ላገባ ሰው ያ ክብ አይሠራም። የእሷ ፈረቃ በየሳምንቱ ይቀያየራል፣ የእኛ ሥራ ደግሞ ማታ ማታ ይደራል።

አንድ ነገር ደጋግሜ አይቻለሁ። «ልጆቼን ላስተኛ፣ ልሂድ» ስል «እናታቸው የለችም እንዴ?» ይባላል። «ዛሬ ማር ቆረጣ ነው» ስል ግን ሁሉም ይስቃል፣ ሥራ አስኪያጃችንም «ለእኛም ትንሽ» ብሎ ይለቀኛል። ኳስ የሚወደው ባልደረባችን ጨዋታ አመለጠኝ ቢል የሚሰማው የለም። ገንዘብ ያዧ ሕፃን ልጅ አላት፣ እሷንም የሚሰማት የለም። ንብ ግን ሰበብ ይሆናል። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ ምናልባት ንብ ስለምትነድፍ ይሆናል።

እናም አንድ ምሽት በተለመደው ሰበብ ወጥቻለሁ። አባባ መጥተዋል። አንዱን ቀፎ ከፍተን የማር እንጀራውን እያወጣን ነው። ባለቤቴ ወጥ ቤት ናት፣ ልጆቹ መስኮቱ ላይ ተደርድረዋል። ድንገት የባጃጅ ድምፅ መጣና የግቢው በር ተከፈተ። የቢሯችን ጀማሪ ሠራተኛ ክላሰር ታቅፎ ገባ። ሽቶ ተቀብቷል። ሽቶ የንብ ጠላት እንደሆነ ማን ይንገረው?

«ጋሼ፣ ፊርማ ብቻ! የነገው ቼክ ነው!»

ቼኩ ሁለት ፊርማ ይፈልጋል፤ አንደኛው የሥራ አስኪያጁ፣ ሁለተኛው የእኔ። ጠዋት ባንክ እንደተከፈተ ገንዘቡ ወጥቶ ወደ ጣቢያዎቹ ካልሄደ ገበሬው ቡናውን ለሌላ ነጋዴ ይሸጣል። ስለዚህ ልጁ አልተሳሳተም።

የባሰው ግን ከበስተኋላው ነው። የባጃጁ ሹፌር የፊት መብራቱን ግቢው ውስጥ አብርቶ ቆሟል። በምሽት የተረበሸ ንብ ወደ ብርሃን ነው የሚሄደው። መንጋው በልጁ ራስ ላይ አልፎ ወደ መብራቱ ተመመ። ሹፌሩ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ወደ ዋናው መንገድ ፈረጠጠ። ልጁ ክላሰሩን ወርውሮ ወጥ ቤት ገባ። ወረቀቱ ጭቃ ላይ ተበተነ። አባባ ካሉበት ሳይነቃነቁ «መብራቱን አጥፉ!» ይላሉ፤ ማን ያጥፋው? በመጨረሻ ባለቤቴ ጋቢ ተከናንባ ወጣችና አጠፋችው። ከዚያ ተመልሳ የልጁን ከንፈርና ጆሮ እየፈተሸች መንደፊያውን በጥፍሯ ጠራርጋ አወጣችለት። «የኔ ልጅ፣ አተነፋፈስህ ደህና ነው?» እያለች ደጋግማ ጠየቀችው። ደህና ነበር። ከንፈሩ ግን ለማየት ያሳዝናል፣ ያስቃልም።

ቼኩ ጭቃ ጠጥቷል። ባንክ እንደማይቀበለው ስለሚታወቅ መሰረዝና አዲስ መጻፍ ነበረበት።

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጃችን ይቆጣል ብለን ጠበቅን። አልተቆጣም። የልጁን ፊት አየና መጀመሪያ ከልቡ ሳቀ። ከዚያ እስከዚያ ቀን ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ ጠየቀ፦ «ግን ይኼ ቼክ ለምንድን ነው በ12 ሰዓት የሚፈረመው?»

ሁላችንም ተያየን። ነገሩን ወደ ኋላ ስንመረምረው እንዲህ ሆነ። የነገው ቼክ የሚጻፈው የዛሬው ግዢ ሲታወቅ ነው። የዛሬው ግዢ የሚታወቀው ደረሰኙ ሲመጣ ነው። ደረሰኙ የሚመጣው በአይሱዙ ነው። አይሱዙው ደግሞ የታጠበውን ቡና ጭኖ እስኪጨርስ ከጣቢያ አይነሣም፣ ጅማ የሚገባው 11 ሰዓት ላይ ነው። ጠዋቱን ሙሉ ምን እንሠራ እንደነበር ብትጠይቁን ወረቀት እናስተካክላለን፣ ቡና እንጠጣለን፣ ግብሩን ትንሽ ትንሽ እንነካካለን። ሌላው ሰው ኮቱን ሲያነሣ የእኛ የሒሳብ ፕሮግራም፣ ፒችትሪ፣ ይከፈታል። ሥራው በዝቶብን ሳይሆን ዘግይቶ እየመጣብን ነበር። ትርፍ ሰዓቱ በትክክል ስለሚከፈል ደግሞ ማንም አልመረመረውም።

መፍትሔው ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ አጨቃጨቀ። የቀኑ ግዢ በዘጠኝ ሰዓት ይቆረጥ ተባለ። ከዘጠኝ በኋላ የገባው እሸት በነገው ቀን ይመዘገባል። የጣቢያው ገዢ እስከዚያ ሰዓት የቆረጠውን ደረሰኝ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ይልካል፣ ዋናው ወረቀት በማግሥቱ ጠዋት በሚመጣው መኪና ይደርሳል። ገንዘብ ያዧ ወዲያው ተቃወመች። «ካዝናው ከመዝገቡ ጋር አይገጥምም፤ ከዘጠኝ በኋላ የወጣውን ብር የት ላድርገው?» አለች። እውነቷን ነው፤ አብዛኛው ገበሬ ቡናውን የሚያመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጨረሻው ደረሰኝ ተራ ቁጥር ይጻፍ፣ ቀሪው ብር በዚያ ይታረቅ ተብሎ ተስማማች። ከዚያ አንደኛው ጣቢያ ኔትወርክ የለውም። እዚያ የጣቢያው ልጅ ዳገት ወጥቶ ደውሎ ድምሩን ያነብልናል። ዝናብ ከሆነ ያም የለም፣ በዚያን ቀን ያው እናመሻለን።

አሁን ቼኩ ከ11 ሰዓት በፊት ይፈረማል። በመደበኛው ቀን ሁላችንም በሰዓታችን እንወጣለን፤ ገንዘብ ያዧ ቀድማን ትወጣለች፣ የንብ ሰበብ ሳያስፈልጋት። የግብሩ የመጨረሻ ሳምንት ግን አልተለወጠም። ከጥቅምት 25 በኋላ ቢሯችን ውስጥ ፍራሽ ቢነጠፍ ይሻላል። ሥራ አስኪያጁም ማታ መልእክት መላክ አላቆመም፤ ብቻ መጀመሪያው ላይ «ለነገ» ብሎ ይጽፋል። እሱም ትልቅ ነገር ነው።

ቅር የተሰኘ አንድ ሰው አለ። ያው ከንፈሩ ያበጠው ልጅ ነው። ላጤ ነው፣ ቤት ተከራይቶ ነው የሚኖረው፣ ለእናቱ ብር ይልካል። የትርፍ ሰዓቱን ገንዘብ ቆጥሮ ነበር የሚኖረው። «ጋሼ፣ እናንተ ምሽት አገኛችሁ፤ የእኔ ግን ደሞዜ ቀነሰ» አለኝ። ምን ልበለው? ጉዳዩን ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት። ለጊዜው ቅዳሜ ከሰዓት ኔትወርክ ወደሌለው ጣቢያ በውሎ አበል እየሄደ ደረሰኝ እንዲያመሳክር ተደርጓል። ቡናው ሲያልቅ ምን እንደሚደረግ ገና አልተነጋገርንም።