ለጠባብ መጋዘናችን ፎርክሊፍት የመረጥንበት መንገድ

ተክለሃይማኖት አካባቢ የወረቀት መጋዘን አስተዳድራለሁ። ሰፈሩን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቦታ ወርቅ ነው። ወደ ጎን መስፋት ስለማይቻል ወደ ላይ ለመደርደር ወሰንን።

ባለቤቱ ያሰቡት ሁላችንም መንገድ ላይ የምናየውን ፎርክሊፍት ነበር። "ጋሼ፣ እሱ እኮ እዚህ ገብቶ አይዞርም" አልኳቸው። "እስቲ ለክተህ አሳየኝ" አሉኝ።

ዋናው ነገር እዚህ አለካክ ላይ ነው። ብዙ ሰው ሜትሩን ከመደርደሪያ እግር እስከ መደርደሪያ እግር ይዘረጋል። ፓሌት፣ ማለትም ዕቃው የሚደረደርበት ርብራብ፣ ግን ከመደርደሪያው ወጣ ብሎ ነው የሚቀመጠው። በሁለቱም በኩል 10 ሳንቲሜትር ከወጣ፣ ከመተላለፊያው 20 ሳንቲሜትር ተበላ ማለት ነው። ስለዚህ ከፓሌት ጫፍ እስከ ትይዩው ፓሌት ጫፍ ለካሁ። 2.90 ሜትር ሆነ።

የተለመደው ፎርክሊፍት ጭነቱን ከፊት ጎማው ወደፊት አውጥቶ ስለሚይዝ፣ እንዳይደፋ ከኋላው ከባድ ብረት አለው። ያ ያስረዝመዋል። ፓሌት ይዞ ለመዞር አብዛኛውን ጊዜ ከ3.5 እስከ 4 ሜትር ይፈልጋል። እሱ ወዲያው ቀረ።

በጣም ጠባብ ቦታ የሚሠራው ደግሞ መኪናው ሳይዞር ጭነት የሚያነሳበት ሹካው ብቻ ግራና ቀኝ የሚዞርለት ነው። 1.8 ሜትር ገደማ ይበቃዋል። ግን ወለሉ እጅግ ልሙጥ መሆን አለበት፤ ሹካው ከፍ ባለ ቁጥር ታች ያለች ትንሽ ጉብታ እላይ ስትደርስ ትልቅ መወዛወዝ ትሆናለች። የእኛ ሲሚንቶ ደግሞ አሮጌ ነው። ወገቡ ላይ የሚታጠፍ ዓይነትም አለ፤ 2 ሜትር አካባቢ ይሠራል፣ ውጭም ይወጣል። እኔ በጣም እወደዋለሁ፤ ዋጋው ግን ከአቅማችን በላይ ሆነ።

የመረጥነው ሪች ትራክ ነው። ሹካውን ወደፊት ልኮ ፓሌቱን ያነሳና ወደ ራሱ ይሰበስበዋል። በዚህ ምክንያት አጭር ሆኖ ይዞራል። በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ጭስ የለውም፤ ዝግ መጋዘን ውስጥ ለሚውል ሠራተኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጎማው ግን ትንሽና ጠንካራ ስለሆነ ኮብልስቶን ላይ አይሄድም። አይሱዙ ሲመጣ ልጆቹ እስከ በሩ ያራግፋሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሪች ትራኩ ሥራ ነው።

ስትገዙ "ስንት ቶን ያነሳል?" ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። በየትኛው ከፍታ? መሬት አጠገብ የሚችለውን ክብደት ጫፍ ላይ አይችለውም። ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን የአቅም ሰሌዳ አንብቡ።

ባትሪውም ቦታ ይፈልጋል። ባለ አሲዱ ቻርጅ ሲደረግ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ አየር ወደሚገባበት ጥግ ወሰድነው። መብራት ሲጠፋ እንዳንቆም ደግሞ ማታ ማታ እንሞላለን።

አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ የሚሠራው የእንጨት ፓሌት ሁሉ እኩል አይደለም። ስትለኩ ግቢያችሁ ውስጥ ካሉት ትልቁን አስቀምጣችሁ ለኩ።